የቤት ኪራይ ሕጉን ከየት ላገኘው? በአዲስ አበባ ዳር ዳር ለምንኖር አከራዮችና ተከራዮች

«አዲሱ ሕግ እኮ እንዲህ ይላል» የማይል ሰው የለም። ደላላው ይላል። አከራይዋ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውዬም ይላል። አንዱ «ኪራይ መጨመር ጭራሽ ተከልክሏል» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «ተከራይ አንዴ ከተመዘገበ ማንም አያስወጣውም፣ ቤቱ የሱ እንደሆነ ቁጠሩት» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ግን ሁለቱም በጣም እርግጠኞች ናቸው። ብዙ ተከራይ በማይገባው ጭማሪ ዕቃውን ጭኖ የሚወጣው፣ ብዙ አከራይም ቤቱን ለማከራየት የሚፈራው በእንዲህ ዓይነቱ ወሬ ነው።

ሕጉ የተጻፈ ነው፤ ታትሟል፤ የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤትም አለ። ችግሩ በየትኛው በር እንደሚገባ አለማወቅ ነው። በተለይ እንደ እኔ ከተማዋ ከምታልቅበት፣ ታክሲው ሰው አራግፎ ከሚዞርበት ሰፈር ለሚኖር ሰው በሩ አንድ አይደለም። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፣ «ሕግ» ሲባል የትኛው ነው?

ሦስት ቃላት አሉ። አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። ሰው አንድ ላይ ይጠራቸዋል፤ ግን ይለያያሉ።

እድርን አስቡ። እድሩ መተዳደሪያ አለው። እሱን ያጸደቀው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ማንም ብድግ ብሎ አይለውጠውም። ኮሚቴው ደግሞ መተዳደሪያው በሰጠው ሥልጣን መጠን ዝርዝር ውሳኔ ያወጣል። ከዚያ «ድንኳን የሚፈልግ ሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ይዞ ይምጣ» የሚለው የአሠራር ወረቀት ይመጣል። ወረቀቱ ከኮሚቴው ውሳኔ፣ የኮሚቴውም ውሳኔ ከመተዳደሪያው ማለፍ አይችሉም።

የመንግሥት ሕግም እንደዚሁ ነው። አዋጅ በፌዴራል ደረጃ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያጸድቀው ነው። ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በአዲስ አበባ ደረጃ ደግሞ የከተማው ካቢኔ የሚያወጣው ነው። መመሪያ አንድ ሚኒስቴር ወይም ቢሮ ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር የሚጽፍበት ነው። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ «መመሪያው አይፈቅድም» ሲላችሁ ሁለት ነገር መጠየቅ ትችላላችሁ። የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? የወጣውስ በየትኛው አዋጅ መሠረት ነው? ይህ መዳፈር አይደለም። በ2012 የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡት መመሪያ ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠውና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ያስገድዳል። መመሪያዎቹን የሚመዘግበው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። መሳቢያ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ መመሪያ መኖር የለበትም ማለት ነው።

የቤት ኪራዩ ሕግ ስሙ ማን ነው?

«የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016» ይባላል። ምክር ቤቱ ያጸደቀው መጋቢት 2016 ነው። ስሙንና ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። መሥሪያ ቤት ገብቶ «ስለ ቤት ኪራይ የወጣው ነገር» ማለትና «አዋጅ ቁጥር 1320» ማለት የሚያመጡት መልስ አንድ አይደለም። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ቁጥሩን ስጠራ ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ወንበር አሳየችኝ።

አዋጁን ሙሉውን እዚህ መዘርዘር አልችልም። ግን በየቀኑ የሚያከራክሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ (አዲስ አበባ ላይ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ነው) ቀርቦ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ደላላው «የስድስት ወር ቀድማችሁ ክፈሉ» ካላችሁ ይህን አስታውሱ። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ አልተከለከለም። ግን አከራዩ በልቡ የሚወስነው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው ምጣኔ የሚታሰር ነው።

ተከራይም አይወጣም አልተባለም። ኪራይ በጊዜው ካልከፈለ፣ ቤቱን ካልተስማሙበት ሥራ ላይ ካዋለ፣ ቤቱን ካበላሸ አከራዩ ውሉን የሚያቋርጥበት መንገድ አዋጁ ውስጥ አለ። ይህን የምለው አከራዮችም ሕጉን እንዲፈልጉት ነው። ብዙ አከራይ አዋጁን የተከራይ ብቻ ነው ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። አንብቡት፤ እናንተንም የሚጠብቅ አንቀጽ አለው።

ከዚህ አዋጅ በፊትም ስለ ኪራይ ሕግ ነበር። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ከአንቀጽ 2945 ይጀምራል። ቤቱን ማን ይጠግናል፣ ተከራይ ሲወጣ ቤቱን በምን ሁኔታ ያስረክባል ለሚሉት ጥያቄዎች ዛሬም መነሻ ነው።

ጽሑፉን የት አገኘዋለሁ?

አዋጅ የሚታተመው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው። ስሙ የመጣው ከጥንቱ ነው፤ አዋጅ በገበያ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ በዚህ ስም መታተም የጀመረው በ1934 ነው። የከተማው አስተዳደር የራሱ አለው፤ አዲስ ነጋሪት ጋዜጣ ይባላል። የኦሮሚያ ክልል ሕጎች ደግሞ የሚወጡት መገለታ ኦሮሚያ ላይ ነው። ይህ ሦስተኛው ስም ለእኛ ለዳር ነዋሪዎች ጠቃሚ ነው። ምክንያቱን ቀጥዬ አመጣዋለሁ።

የታተመውን ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አራት ኪሎ ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄዶ መግዛት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ የሚያነብ ሰው ደግሞ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ከፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጾች ቢጀምር ይሻላል። የመንግሥት ድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው። በሌላ የሚያልቅ ገጽ ሁሉ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። የጠበቆች ገጾች ላይ ንጹሕ ቅጂ ይገኛል። ግን ክርክር ውስጥ ስትገቡ የምትይዙት ቅጂ ከመንግሥት ምንጭ ቢሆን ይበጃችኋል።

እውነተኛውን ነጋሪት ጋዜጣ ከሐሰተኛው መለየት ከባድ አይደለም። ከላይ የጋዜጣው ስም፣ የታተመበት ዓመትና ቁጥር፣ የወጣበት ቀን አለ። «ማውጫ» የሚል አለ። ገጹ ለሁለት ተከፍሎ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ ቢለያዩ ገዢው አማርኛው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አላነብም ብሎ የሚሸማቀቅ ሰው እዚህ ላይ ይዝናና፤ ዋናው በእጁ ነው።

ስታነቡ በመጀመሪያው ገጽ አትቁሙ። መግቢያው አዋጁ ለምን እንደወጣ ይናገራል። «ትርጓሜ» የሚለው አንቀጽ ደግሞ የቃላቱን ድንበር ይነግራችኋል። «የመኖሪያ ቤት» ሲል ምን ማለቱ ነው? «አከራይ» ሲል ባለቤቱን ብቻ ነው ወይስ ውክልና ያለውንም? ብዙ ክርክር የሚነሳው ይህን አንድ አንቀጽ ዘሎ በማለፍ ነው። ከዚያ «የተፈጻሚነት ወሰን» የሚለውን ፈልጉ። እሱ ሕጉ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ይናገራል።

ቤቴ የማን ወረዳ ነው? የዳር ሰው ትልቁ ጥያቄ

መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ አይገባውም። ፒያሳ ያለ ሰው ወረዳውን ያውቃል፤ አለቀ። እኛ ጋ ግን አንድ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላ አስተዳደር ውስጥ ትገባላችሁ። ከአያት ተነስቶ ወደ ጣፎ የሚሄድ ታክሲ ድንበር ሲያልፍ ማንም አይነግራችሁም። ሱቁ ያው ሱቅ ነው፣ ሰዉም ያው ሰው ነው። ኪራዩን የምትከፍሉበት ባንክም ያው ነው። ግን ውላችሁን የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ የሥራ ቋንቋውና ቅጹ ይለያያሉ።

ሁለት ትላልቅ አስተዳደሮች ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ነው። 11 ክፍለ ከተሞች አሉት። የመጨረሻው ለሚ ኩራ ነው፤ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የተቋቋመ። ሌላው ሸገር ከተማ ነው። ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎንና ገላንን የመሳሰሉ የዙሪያ ከተሞችን አንድ ላይ አድርጎ በ2015 የተመሠረተ የኦሮሚያ ክልል ከተማ ነው። የራሱ ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች አሉት። ስለዚህ ሰው «ክፍለ ከተማ ሄድኩ» ሲል የየትኛው ከተማ ክፍለ ከተማ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ወሰኑ ራሱ ተስተካክሏል። ነሐሴ 2014 የአዲስ አበባ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ መስማማታቸው ይፋ ተደርጓል። በዚያ ስምምነት ከአንዱ ወደ ሌላው የዞሩ አካባቢዎች አሉ፤ የኮንዶሚኒየም ሳይቶችም ጭምር። ቤቱ ሳይንቀሳቀስ አስተዳደሩ ተቀየረ ማለት ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የወጣ ወረቀት ላይ ያለው የአስተዳደር ስምና የዛሬው ላይገጥሙ ይችላሉ። ለሚ ኩራ ሲቋቋምም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ ሰዉ መታወቂያው ላይ የድሮው ክፍለ ከተማ ስም ነበር።

እኔም በዚህ ተጉላልቻለሁ። ውሌን ይዤ አንድ ወረዳ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ «ያንተ ሰፈር እዚህ አይደለም» ተባልኩ። የተጠቆምኩበት ሌላ ወረዳ ሄድኩ፤ እነሱም «መጀመሪያ የሄድክበት ነው» አሉኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «የቤቱን ካርታ ቅጂ ይዘሃል?» አለችኝ። ለካ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። የሰው ወሬ፣ የታክሲው ታፔላ፣ የራሳችሁ መታወቂያ፣ ሁሉም ይቆዩ። አከራያችሁን የካርታውን ቅጂ ጠይቁ፤ ካርታ የምንለው የይዞታ ማረጋገጫውን ነው። እሱ ላይ የሰጠው አስተዳደር፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ ተጽፏል። ካርታው ከወሰኑ ስምምነት ወይም ከክፍለ ከተማው መቋቋም በፊት የወጣ ከሆነ አከራዩ የቅርብ ጊዜ የቦታ ግብር ደረሰኝ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ። ደረሰኙን የቆረጠው ማን ነው? ቤቱን ዛሬ የሚያስተዳድረውን ለማወቅ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ይህንን ቤቱን ከመከራየታችሁ በፊት ብታደርጉት ደግሞ እሰየው። ሌላም ጥቅም አለው። ያከራያችሁ ሰው በርግጥ ባለቤቱ መሆኑን ታውቃላችሁ።

አዋጅ 1320 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ለገጣፎ ወይም ቡራዩ የተከራየ ሰው ስለዚህ የሚጠይቀው ጥያቄ ከአያት ተከራይ ይለያል። የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ይህ አዋጅ እዚህ በሥራ ላይ የሚውለው በየትኛው የክልሉ ሕግ ወይም ውሳኔ ነው? ውል የሚመዘግበው የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማትችሉ ከሆነ የሚችል ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ያልገባችሁ ቅጽ ላይ አትፈርሙ።

ካርታ የሌለው ቤትስ? ዳር ዳሩ ላይ ብዙ አለ። በሰፈር ቋንቋ ጨረቃ ቤት የምንለው አለ፤ ከአርሶ አደር ይዞታ ላይ የተሠራ አለ። እዚህ ላይ የማንንም ግምት አትቀበሉ። ወረዳው በካርታ ፋንታ ምን ሰነድ እንደሚቀበል ቀድማችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ቤቱ ሲፈርስ የተከራይ ዕቃም አብሮ ሜዳ ላይ ይወድቃልና።

ቤቱስ የማን ነው?

ይህ አጭር ነው፤ ግን ካልተለየ ሰውን የተሳሳተ ቢሮ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚከራዩ ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ያኔ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ዛሬም የቀበሌ ቤት እንላቸዋለን። ከዚያ በላይ የነበሩት ኪራይ ቤቶች በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። እሱ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው።

የቀበሌ ቤት ጥያቄ ለከተማው ቤቶች አስተዳደር፣ የኮርፖሬሽኑ ቤት ጥያቄ ለኮርፖሬሽኑ ነው። ከግለሰብ የተከራያችሁት ቤት፣ ኮንዶሚኒየምም ይሁን ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል፣ እስካሁን በምናወራው አዋጅ ይታያል። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ የነዋሪዎች ማኅበር እንጂ መንግሥት አይደለም። ስለ ጥበቃና ስለ ጽዳት ይወስናል። የኪራይ መጠን አይወስንም፤ ተከራይም አያስወጣም።

ወረዳ ስገባ ወዴት ልሂድ?

ሰው አሁንም ቀበሌ ይለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የምትፈልጉት የወረዳውን የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። በላዩ የክፍለ ከተማው አለ፤ ከሁሉ በላይ የአዲስ አበባ ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ አለ። በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የሚከታተለው ከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው። ግን ለአንድ ውል ሚኒስቴር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ሥራው የሚያልቀው ወረዳ ላይ ነው።

ስትገቡ ሰልፍ ከመያዛችሁ በፊት ግድግዳውን ተመልከቱ። ቀልድ አይደለም። መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዜጎች ቻርተር የሚባል ነገር ይለጥፋሉ። የትኛው አገልግሎት በየትኛው ቢሮ ቁጥር እንደሚሰጥ፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ቀን እንደሚፈጅና ክፍያ ካለው ስንት እንደሆነ የሚል ሰንጠረዥ ነው። አቧራ የጠጣ ቢሆንም እንኳ አንብቡት፤ ፎቶ አንሱት። መሥሪያ ቤቱ ለእናንተ የገባው ቃል ነውና «ነገ ተመለስ» ሲሏችሁ በትሕትና ማሳየት ትችላላችሁ።

ይዛችሁ የምትሄዱት መታወቂያችሁን፣ አከራዩ የቤቱን ማስረጃ፣ ሁለታችሁ ደግሞ ውሉን ነው። የተዘጋጀ የውል ቅጽ መኖሩን ወረዳውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካለ ከጸሐፊ ቤት ውል ለማስጻፍ ገንዘብ አታውጡ። አከራዩ ውጭ አገር ከሆነና ወንድሙ ወይም እህቱ የሚያከራዩ ከሆነ ውክልናውን እዩ። ውክልናው ማከራየትን ይጨምራል? ጊዜው አላለፈም? አልተሻረም?

ውሉ ላይ ከብሩ ሌላ መጻፍ ያለበት ነገር አለ። መብራትና ውኃ በአንድ ቆጣሪ የሚሄድበት ግቢ ብዙ ነው። ማን ስንት ይከፍላል? ሽንት ቤቱ የጋራ ነው? ውኃ በማይመጣበት ቀን ታንከሩን መጠቀም ይቻላል? በርግጥ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እኛ ሰፈር አከራይና ተከራይ ሲጣሉ የሰማሁት ከኪራዩ ይልቅ በቆጣሪ ነው።

ውልና ማስረጃ መሄድ የለብኝም?

ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ ሁላችንም ውልና ማስረጃ የምንለው፣ ውክልናና የቤት ሽያጭ የመሳሰሉትን የሚያረጋግጥ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ምዝገባ ግን አዋጁ «ተቆጣጣሪ» ብሎ ለጠራው አካል የሰጠው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ በተግባር የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ማለት ነው። ውልና ማስረጃ የምትፈልጉት ውክልናውን ለማጣራት ነው።

አከራይ ነኝ፤ ግብሩን የት ልጠይቅ?

ብዙ አከራዮች ውል ማስመዝገብ የሚፈሩት በግብር ነው። ፍርሃቱን እረዳለሁ። ጡረታ ወጥተው ሁለት ክፍል አከራይተው የሚኖሩ እናት አሉ፤ እሳቸውን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም። ግን የኪራይ ገቢ ግብር በዚህ አዋጅ የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊትም ነበር። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የቤት ኪራይ ገቢን ሠንጠረዥ «ለ» ሥር አስቀምጦታል። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ከዓመታት በፊት የከፈሉበትን ስሌት አትቅዱ። የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የዘንድሮውን ሠንጠረዥ «ለ» በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። ለጥገና የወጣ ወጪ ወይም ሌላ ተቀናሽ ካለም እዚያው ጠይቁ። ግብሩ የአከራዩ ነው። ኪራዩ ላይ «የመንግሥት» ብሎ ለብቻው መደረብ የአዋጁን የጭማሪ ገደብ በጓሮ በር ማለፍ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያየሁት ደብዳቤስ?

ማኅተም ያለበት ፎቶ ሲዞር ሰው ወዲያው ያምናል። ማኅተም መቅዳት ዛሬ የልጅ ሥራ ነው። ደብዳቤ ስታዩ ቁጥሩንና ቀኑን ፈልጉ፤ የማን ፊርማና ቲተር እንዳለበት፣ ለማን እንደተጻፈም እዩ። አንድ ክፍለ ከተማ ለሥሩ ወረዳዎች የጻፈው ደብዳቤ ለከተማው ሁሉ ሕግ አይደለም። በተለይ የዓመቱ ጭማሪ «ይህን ያህል ፐርሰንት ሆነ» የሚል ነገር ካያችሁ የቤቶች ቢሮው በራሱ ገጽ ማውጣቱን ሳታረጋግጡ ጭማሪውን አትክፈሉ፣ አትጠይቁ። የቢሮውን ገጽ የሚያስመስሉ ገጾች ስላሉ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አድራሻ መከተል ይሻላል።

ቀኑን ማየት ሌላም ጥቅም አለው። ከአዋጁ በፊት የከተማው አስተዳደር ኪራይ እንዳይጨመርና ተከራይ እንዳይወጣ ለተወሰነ ጊዜ የከለከለባቸው ወቅቶች ነበሩ። የዚያ ጊዜ ወረቀት ዛሬም አዲስ መስሎ ይዞራል።

ሄጄ፣ ጠይቄ፣ መልስ ባጣስ?

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ጻፉት። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል። ማመልከቻውን ሁለት ቅጂ አድርጉና መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉት። አንዱ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ለራሳችሁ አስቀሩ። ይህች ወረቀት በኋላ ብዙ ነገር ትሆናለች። መቼ እንደጠየቃችሁ፣ ማን እንዳልመለሰላችሁ ታሳያለች።

ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አለ። ከዚያ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ቢሮ። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በደል ካደረሰባችሁ፣ ማለትም ማገልገል ሲገባው ካጉላላ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። እንባ ጠባቂ አቤቱታ ሲቀበል አያስከፍልም። ግን የሚያየው የመንግሥት መሥሪያ ቤትን በደል ነው፤ የአከራይና የተከራይ ጠብ አይዳኝም።

ጠቡ በሁለታችሁ መካከል ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ቢሮም ካልፈታው ቦታው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ደግሞ የምንረሳው አንድ ምንጭ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹም በቅጽ እየተጠረዙ ይወጣሉ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥም አንዳንድ ቦታ ይገኛል።

እስከዚያው ኪራዩን መክፈል አታቁሙ። አከራዩ «ካልጨመርክ አልቀበልም» ቢል እንኳ በውሉ ላይ ያለውን መጠን በባንክ ሂሳቡ አስገቡ፤ ምክንያቱ ላይም የወሩን ስም ጻፉ፤ «የኅዳር ኪራይ» ብላችሁ። ደረሰኙን አትሙና ከውሉ፣ ከካርታው ቅጂና ማኅተም ካለበት ማመልከቻ ጋር በአንድ ፋይል አኑሩት። እኔ የማኖረው ከልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት ጎን ነው።